ስድስት ግራም ተኩል

ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት በራሴ ነው። ይህን የምለው ለማማረር ሳይሆን ስለምኮራበት ነው። ከአራተኛ ክፍል በኋላ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ሬዲዮ መጠገን ግን ማንም ሳያሳየኝ ተምሬ፣ በሰፈሬ ሬዲዮው የተበላሸበት ሰው ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር። ስቶክሆልም የገባሁት ሃምሳን ልደፍን ጥቂት ሲቀረኝ ነው። ቋንቋውን አስተማሪዋን ቀድሜ ከመዝገበ ቃላት ተማርኩት፤ በቀን አንድ ገጽ፣ እሑድ ሁለት። አብረውኝ የመጡት ገና የአውቶቡስ ሰሌዳ ሲቸግራቸው እኔ የኪራይ ቤት ውላቸውን አነብላቸው ነበር።

ስለዚህ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ አዳኝ ለመሆን ስነሣ የማንንም ምክር አልጠየቅሁም። የምሠራው ሜርስታ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነበር። መኸር ሲመጣ ስዊድናውያኑ በምሳ ሰዓት ከአደን ሌላ ወሬ የላቸውም። እኔ ደግሞ ሁሉም የሚያውቀውን እኔ ብቻ የማላውቅበት ገበታ ላይ መቀመጥ አልወድም። ከምኖርበት ከአካላ ቤተ መጻሕፍት ወፍራሙን የአዳኞች መጽሐፍ ተውሼ መጣሁ።

አጠገቤ የሚሠራው ረጅም ሰውዬ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው፣ የአንድ የአደን ቡድን አለቃ ነበር። በእረፍት ሰዓት መጽሐፉን እጄ ላይ አየው።

“ለምንድን ነው የምታነበው?” አለኝ።

“ልፈተን።”

“ለመዝናናት ነው?”

“ለማለፍ ነው።”

ሳቀ። ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ጥርሱን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ፈተናውን በአንድ ጊዜ አለፍኩ። አብረውኝ ከተቀመጡት ስዊድናውያን ሁለቱ ወደቁ፤ ይህን እስከ ዛሬ ለሰው መንገር አይሰለቸኝም። የጠመንጃ ፈቃዴ ሲመጣ አለቃው ቡድኑ ውስጥ አስገባኝ። በዒላማ ተኩስ በመጀመሪያው ዓመት ከሦስት ሰው በቀር የሚበልጠኝ አልነበረም፤ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ እሱም አለቃው ነበር።

ችግሩ ያለው ቤቴ ነበር።

በእነሱ ደንብ ያ ቡድን የገደለው ሁሉ ለአባላቱ ይከፋፈላል። መጀመሪያ ድርሻዬን ይዤ የገባሁት ከበሬ የሚተልቅ፣ ቀንዱ እንደ መዳፍ የተዘረጋ አውሬ ከወደቀ በኋላ ነው። የታፋ ሥጋ ነበር፤ ቀይ፣ ጮማ የሌለው፣ ሰው ቢያየው የሚያስጎመጅ። ባለቤቴ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ከረጢቱን አየችው።

“ማን ባረከው?” አለች።

“ማንም። በጥይት ነው የሞተው።”

“በቢላ አልታረደም?”

“ስንደርስ ሞቷል።”

“እንግዲያው በክት ነው። ድስቴ ውስጥ አይገባም።”

ተከራከርኩ። እኔ ደግሞ ክርክር አይበግረኝም። ሥጋው ንጹሕ እንደሆነ፣ ደሙ እንደፈሰሰ፣ የእንስሳት ሐኪም እንኳ ቢያየው እንደሚያሳልፈው አስረዳኋት። ሰምታ ሰምታ፣ “አንተ ብላው፤ እኔ ከልክዬሃለሁ?” አለችኝ። ከዚያ በኋላ የራሴን መጥበሻ ገዛሁ። የእሷ ዕቃ በሚታጠብበት እንዳይታጠብ ብላ መጥበሻዬን በረንዳ ላይ አኖረችው። በክረምት ስቡ ከነመጥበሻው ይረጋል። አራት ዓመት ሙሉ ያደንኩትን ሥጋ ብቻዬን ጠብሼ፣ ፊቴን ወደ በረንዳው በር አዙሬ በላሁ።

ባለቤቴ ክፉ ሴት አይደለችም። ከእናቷ የተቀበለችውን ነው የያዘችው። እኔ ግን ሰው ሁሉ የሚያደንቀኝን ነገር በገዛ ቤቴ ለብቻዬ መብላቴ ከነከነኝ። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ እኔ ካደንኩት ሥጋ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከእጄ እንድትጎርስ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን ወደ ጎን ይዤ ጠየቅኋቸው። አጭር ነበር መልሳቸው።

“ልጄ፣ የመታሃት እንስሳ ነፍሷ ሳትወጣ ደርሰህ፣ በስመ አብ ብለህ በቢላ ካረድካት ይበላል። ሞታ ካገኘሃት ግን አትልፋ።”

መልሱን ለባለቤቴ ነገርኳት። “እንደዚያማ ከሆነ እበላለሁ” አለች፤ አትደርስባትም በሚል ድምፅ። እኔ ግን እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ለገና እራት ለሚመጡት ስድስት እንግዶቻችን፣ ዘንድሮ የሚዳቋ ሥጋ አበላችኋለሁ፣ በገዛ እጄ አድኜ በገዛ እጄ የማርዳት፣ ብዬ ተናግሬ ነበር። ከተናገርኩ በኋላ ነው ማሰብ የጀመርኩት።

እዚህ አገር ሮዩር የሚሏት ትንሽ የዱር እንስሳ አለች፤ ለእኛ ሚዳቋ ናት፣ ልላት የምችለው ሌላ ስም የለም። ክብደቷ ከደህና በግ አይበልጥም። ጉዳዩ እንግዲህ ይህ ነው፤ ይህችን የምታህል እንስሳ ወድቃ እንድትቆየኝ፣ ግን እንዳትሞትብኝ፣ ስንት ግራም ጥይት ልጠቀም?

ጥይት ሲባል ቀለሁም ባሩዱም አብሮ ነው፤ ሚዛኑ የሚነገረው ግን ጫፉ ላይ ያለው፣ በርሮ የሚሄደው እርሳስ ነው። ቡድናችን በሙሉ አስር ግራም ነበር የሚተኩሰው፤ ለትልቁም ለትንሹም። አለቃው አንድ ጊዜ በእሳት ዳር ሲናገር፣ “ከባድ ጥይት ይሰብርና ያልፋል። ሚዳቋዋ ሃምሳ፣ ስድሳ እርምጃ ትሮጥና ትወድቃለች፤ ስትደርስ አልቋል። ሥጋውም አይበላሽም። አንድ ሚዛን ምረጥ፣ ጠመንጃህን በሱ አስተካክል፣ ከዚያ በኋላ አትቀይር” ብሎ ነበር። የተናገረው ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኔ የያዝኩት ግን “ስትደርስ አልቋል” የሚለውን ነበር። የኔ ችግር ይኸው ነው አልኩ፤ ሮጣ ርቃ ትሞታለች፣ እኔ የምደርሰው በክት ላይ ነው።

ጎረቤት ቡድን ውስጥ ቀላል ጥይት የሚተኩስ ሰው ነበር። እሱ የመታት ሚዳቋ እቆመችበት ቦታ ላይ ስትወድቅ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ይህንና የልጅነቴን ነገር አገናኘሁት። ልጆች ሳለን በወንጭፍ ቆቅ እንመታ ነበር። ትልቅ ድንጋይ ከመታት ትሞታለች፣ ለእናቶቻችን ብንወስድ ይጥሉብናል። ስለዚህ የምንመርጠው ትንሽ ጠጠር ነው። ትንሽ ጠጠር ቆቋን ታደነዝዛታለች፤ ሮጠን እንይዛትና ባርከን እናርዳታለን። ከባድ ይገድላል፣ ቀላል ይጥላል። ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ታየኝ። ስዊድናውያኑ ይህን ያላሰቡት እንስሳን በሕይወት የማግኘት ጉዳይ ስለሌለባቸው ነው ብዬ ደመደምኩ።

ሶደርማልም ውስጥ ያለ የአዳኞች ሱቅ ሄጄ ለጠመንጃዬ የሚሆነውን ቀላሉን ጠየቅሁ። ስድስት ግራም ተኩል። ሻጩ ሳጥኑን ባንኮኒው ላይ አኖረና፣ “ለሮዩር ነው?” አለኝ።

“አዎ።”

“እስከ ዛሬ በስንት ስትተኩስ ነበር?”

“በአስር።”

“እንግዲያው ሄደህ ዒላማ ላይ ሞክረው። ሌላ ቦታ ነው የሚመታው።”

“እሺ” አልኩት። አልሞከርኩም። የተኩስ ሜዳው ላይ አለቃው አይጠፋም፤ ሳጥኑን ቢያይ መጠየቁ አይቀርም፣ እኔም ላስረዳው ነው። ማስረዳት አቅቶኝ አይደለም። እንስሳዋ ቶሎ እንዳትሞት ጥይት መረጥኩ ብሎ ለአዳኝ መናገር ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ነው። መጽሐፉ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ቶሎ ግደል። ያን ገጽ እኔ በቃሌ እወጣዋለሁ።

ስለዚህ ወረቀት ላይ አሰላሁት። ቀላል ስለሆነ ይፈጥናል፣ ስለፈጠነ ከወትሮው ከፍ ብሎ ይመታል፣ ስለዚህ ሦስት ጣት ዝቅ አድርጌ አነጣጥራለሁ። ሁለት ገጽ ሞላ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ስሌት የሠራ አራተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ካለ አምጡልኝ። ቢላዬንም ሳልኩ፤ ጸጉር የሚላጭ እስኪሆን።

አደኑ ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ ነበር። ጾም ላይ ነኝ፤ እነሱ ጠዋት በእሳት ዳር ቋሊማቸውን ሲጠብሱ እኔ የተቀቀለ ድንች በጨው እበላለሁ። ለምደውኛል። አንዱ ሁልጊዜ፣ “ድንቹን ያደንከው አንተ ነህ?” ይለኛል፤ እኔም “ከሥሩ ነው የመታሁት” እለዋለሁ። የዚያን ቀንም ተባባልን። ሳቅንም።

በረዶው እስከ ጉልበት ነበር። አለቃው ለእያንዳንዳችን መቆሚያ ቦታ ሰጠን፤ እኔን ከአንድ ትልቅ ጥድ ሥር፣ ፊት ለፊቱ የተመነጠረ ሜዳ ያለበት ቦታ አቆመኝ። ጥሩ ቦታ ነው፤ ለጥሩ ተኳሽ የሚሰጥ። የቡድናችን ውሻ ከሩቅ ስትጮህ ሰማሁ፣ ከዚያ ድምፅዋ ዞረ፣ ከዚያ ሚዳቋዋ ብቻዋን ከጫካው ወጣች። ስድሳ እርምጃ ያህል ቀርታ ቆመች። ጎኗን ሰጥታኛለች። ጆሮዎቿን ወደ ኋላ፣ ወደ ውሻዋ ድምፅ መልሳለች። ሦስት ጣት ዝቅ አደረግሁና ቃታውን ሳብኩ።

እቆመችበት ወደቀች።

ደንቡን እነግራችኋለሁ። ከተኮስክ በኋላ ወዲያው እንደገና ጥይት ታጎርሳለህ፣ ካለህበት ንቅንቅ አትልም፣ ታያለህ። ብትነሣ ደግመህ ትተኩሳለህ። ባትነሣም ትጠብቃለህ፤ የቆሰለ እንስሳ ካልተከተሉት ቅርብ ቦታ ይተኛል፣ ከተከተሉት ግን የቀረ ነፍሱን አሟጦ ይሄዳል። ይህ ለፈተና የመጣ ጥያቄ ነው፤ አግኝቼዋለሁ።

እኔ ጠመንጃዬን ጥዱ ላይ አስደግፌ ቢላዬን መዝዤ ሮጥኩ። ነፍሷ ሳትወጣ መድረስ አለብኝ። በስመ አብ ወወልድ እያልኩ ነው የምሮጠው፤ በረዶው ይይዘኛል፣ እወድቃለሁ፣ እነሣለሁ። አስር እርምጃ ሲቀረኝ ቀና አለች። በሦስት እግሯ ቆመች። አራተኛው፣ የፊተኛው፣ ከብብቷ በታች ተንጠልጥሏል። አየችኝ። ከዚያ ዞራ ሄደች።

ጠመንጃዬ ስድሳ እርምጃ ወደ ኋላ ነው። ያኔ እንኳ ብመለስ፣ ያኔ እንኳ ዝም ብዬ ብቆም ይሻል ነበር። አልተመለስኩም። ደሙን ተከትዬ ሄድኩ። ከአንዲት ቁጥቋጦ ሥር ተኝታ አገኘኋት፤ ቢላዬን ይዤ ቀረብኩ፣ ተነሣች። እንደገና ተከተልኩ፤ እንደገና ተኝታለች፣ እንደገና ተነሣች። ሦስት ጊዜ ተኛች፣ ሦስት ጊዜ አስነሣኋት። በመጨረሻ ትንፋሼ አልቆ በረዶው ላይ በጉልበቴ ስወድቅ ከዛፎቹ መካከል ጀርባዋ ብቻ ይታይ ነበር። ከዚያ እሱም ጠፋ።

አለቃው ዱካዬን ተከትሎ መጣ። ረጅም ነው ያልኳችሁ ሰው ከላዬ ቆሞ የበለጠ ረዘመብኝ።

“ጠመንጃህ የት አለ?”

“ዛፉ ጋ።”

“እጅህ ላይ ያለው ምንድን ነው?”

“ቢላ።”

 ዱካውን ወደ ኋላ አየው፤ የሷ ሦስት ሦስት ኮቴ፣ የኔ መንሸራተት፣ በየመኝታዋ ላይ ያለው ደም። ሁሉም በበረዶው ላይ ተጽፏል፤ ማስተባበል አይቻልም። ተመልሰን ጥዱ ጋ ደረስን። ጠመንጃዬን አንሥቶ ከፈተው፣ ባዶውን ቀለህ አወጣና ከሥር የቀሩትን ጥይቶች መዳፉ ላይ አራገፋቸው። አንዱን በሁለት ጣቱ ይዞ ጫፉን አየ። ከኛ ጥይት ጫፉ ያጥራል።

“ይህ የኛ አይደለም” አለ።

“ስድስት ግራም ተኩል ነው።”

“ዒላማ ላይ ሞክረኸዋል?”

“አስልቼዋለሁ።”

“ጠመንጃው ስሌትህን አላነበበም።”  ድምፁን አላነሣም። የወደቀችበት ቦታ ሄዶ ጎንበስ ብሎ የአጥንት ስብርባሪና እንደ አሸዋ የተበተነ የእርሳስ ፍርፋሪ ከበረዶው ላይ በጣቱ ለቀመ። “ዝቅ ብሎ መታት፤ አጥንቱ ላይ ፈነዳ፣ ወደ ውስጥ አልገባም” አለኝ። የጎረቤቱ ቡድን ሰው በቀላል ጥይት እቆመችበት የሚጥላት ስለምትደነዝዝ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ሳንባዋ ውስጥ ስለሚፈነዳ ወዲያው ስለምትሞት ነው። ጠጠርና ጥይት አንድ አይደሉም። ይህን ለማወቅ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃኝ ነበር።

የቆሰለ እንስሳ የሚፈልግ ውሻ ያላት አንዲት አሮጊት በዚያ መንደር አለች። አለቃው ደወለላት። በኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ነው በዚያ ወር የሚጨልመው። “ሦስት ጊዜ የተነሣች ከሆነ ዛሬ አንደርስባትም፤ ከተከተልናት ትሄዳለች። እንተዋት፣ ትተኛ፣ ጠዋት እመጣለሁ” አለች።

“ሌላ ማድረግ የምንችለው ነገር የለም?” አልኩት አለቃውን።

“አለ። መጠበቅ” አለኝ።

ባቡርና አውቶቡስ ቀይሬ አካላ ደረስኩ። ባለቤቴ ለገናው ሽንኩርት ትከትፋለች።

“አገኘህ?” አለችኝ።

“ነገ።”

“ነገ ማለት ምን ማለት ነው?”

ነገርኳት። ሁሉንም አይደለም፤ ስሌቱን ተውኩት፣ መሮጤን ግን ነገርኳት፣ እሷ ትረዳኛለች ብዬ። ነፍሷ ሳትወጣ ልደርስ ነው የሮጥኩት፣ ላንቺ ብዬ ነው አልኳት። መክተፏን ተወች።

“አሁን በሕይወት አለች?”

“ትኖራለች።”

“እግሯ ተሰብሮ?”

“አዎ።”

“ውጭ ስንት ነው?”

የወጥ ቤታችን መስኮት ላይ በውጭ በኩል ቴርሞሜትር አለ። ሄጄ አየሁ። ከዜሮ በታች አስራ አራት። ነገርኳት። እጇን በመቀነቷ ጠርጋ ግድግዳው ላይ ወዳለው ቅዱስ ሥዕል ዞረች፤ ያች ምስኪን እንስሳ ቶሎ እንድትሞት፣ እግዚአብሔር ነፍሷን ቶሎ እንዲወስዳት ስትለምን ሰማሁ። እኔም ቆሜያለሁ፣ እኔም እየለመንኩ ነበር። እኔ የምለምነው እስከ ጠዋት እንድትቆይልኝ ነው። በዚያች ጠባብ ወጥ ቤት ሁለታችንም ስለ አንዲት ሚዳቋ እንለምናለን፤ እሷ እንድትሞት፣ እኔ በሕይወት እንድትቆይ፤ የጨከንኩት እኔ ነበርኩ።

ያን ማታ መስኮቱ ጋ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላውቅም። ሬዲዮ ቢበላሽ እፈታዋለሁ። ቋንቋ ቢከብድ ገጽ በገጽ እጨርሰዋለሁ። በሕይወቴ እጄን አጣጥፌ የተቀመጥኩበት ነገር አልነበረም። ቴርሞሜትር ግን ከማየት በቀር ምንም አያደርጉትም። አስራ አምስት። አስራ ስድስት። ባለቤቴ፣ “ብታየው አይሞቅ፤ ና ተቀመጥ” አለችኝ። ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሣሁ።

ጠዋት ጎሕ ሲቀድ እዚያው ነበርን፤ አለቃው፣ አሮጊቷና አጭር እግር ያላት ውሻዋ፣ እኔ። አለቃው ለኔ ጠመንጃ አልፈቀደልኝም። ከኋላ ነው የምሄደው። ቢላዬ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነው።

ውሻዋ አፍንጫዋን በረዶው ውስጥ ቀብራ፣ ገመዷን እየጎተተች፣ አንድም ጊዜ ሳትጮህ ወሰደችን። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን አሮጊቷ እጇን አነሣች። ሁላችንም ቆምን። አርባ እርምጃ ያህል ፊት ለፊት፣ ቅርንጫፎቹ መሬት የነኩ ጥድ ሥር፣ ጆሮ ይንቀሳቀሳል። በሕይወት አለች። ልመናዬ ተሰምቷል።

ወደ አሮጊቷ ቀርቤ በሹክሹክታ ነገርኳት። በሃይማኖታችን እንስሳ በቢላ ካልታረደ እንደማይበላ፣ ባለቤቴን፣ ገናን፣ ሁሉንም። ስዊድንኛዬ የዚያን ቀን ያህል ጥርት ብሎ ወጥቶ አያውቅም። እስክጨርስ ዓይኖቿን ከጆሮው ላይ ሳትነቅል ሰማችኝ።

“ገብቶኛል” አለች። “ግን ካየችህ ትነሣለች። ትናንት ሦስት ጊዜ አይታሃለች።”

“ቀስ ብዬ ብሄድስ?”

“እዚህ ቁም።”

ቆምኩ። አለቃው ገመዱን ያዘላት፣ እሷ ጠመንጃዋን ይዛ በጎን ዞረች። ያች አሮጊት በረዶ ላይ ስትራመድ ድምፅ የላትም። ካፖርቴ ኪስ ውስጥ የቢላውን እጀታ ይዣለሁ። ከአርባ እርምጃ ላይ፣ በሌላ ሰው እጅ ላይ፣ በሌላ ሰው ጥይት ላይ፣ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አልኩ። እንደማይቆጠር አውቃለሁ። ምንም ሌላ የማደርገው ስለሌለ ነው ያልኩት። ተኩሱ አንድ ጊዜ፣ ደረቅ ሆኖ ተሰማ። ጆሮው ቆመ።

አለቃው ሆዷን እንድከፍት ፈቀደልኝ፤ በቢላዬ። የፊተኛው ጎኗ ጠቁሯል፣ አይሆንም ብሎ ቆርጦ ጣለው። የኋላ ታፋዎቿን ግን አገላብጦ አየና፣ “ይህ ይበላል፤ ያንተ ነው” አለኝ። ቀጥሎም፣ እንደ ተራ ነገር፣ “እስከ መጪው መኸር አውሬውን ከጫካ እያስነሡ ከሚነዱት ጋር በእግርህ ትሄዳለህ፤ ጠመንጃ አትይዝም” አለኝ። የስድስት ግራም ተኩሉን ሳጥን ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። አልተከራከርኩም። የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ይህን ሲሰማ አያምንም።

ታፋዎቹን ጉልበቴ ላይ ይዤ በባቡር ስመለስ አንድ ነገር አሰብኩ። ቢላዬ ደም አለበት። ደርሼባታለሁ ብል ከአካላ ማን ሜርስታ ሄዶ ይጠይቃል? ባለቤቴ ታበስለዋለች፣ ከእጄ ትጎርሳለች፣ ስድስቱ እንግዶች ይመሰክራሉ። ቃሉን ሦስት ጊዜ በልቤ አዘጋጀሁት፤ “ደረስኩባት።” አንድ ቃል ናት።

በሩን ስከፍት ባለቤቴ ከረጢቱን አላየችም፤ እኔን አየችኝ።

“በሕይወት ነበረች?” አለች።

“ነበረች።”

“እስከ ጠዋት?”

“እስከ ጠዋት።”

 “ደረስክባት ታዲያ?”

“አልደረስኩም” አልኳት።

በረንዳውን ከፍቼ ከረጢቱን ከመጥበሻዬ አጠገብ አኖርኩት። ያንን ሥጋ ብቻዬን እንኳ አልበላሁትም። በሚቀጥለው ሳምንት ለአሮጊቷ ውሻ ይሆን ዘንድ ለአለቃው ይዤለት ሄድኩ። ተቀበለኝ።

የገና ዕለት ማክሰኞ ነበር። ስድስቱም መጡ። ዶሮው፣ የበጉ ወጥ፣ ሁሉም ቀርቧል። ከመካከላቸው አውቶቡስ ነጂ የሆነ ቀልደኛ ጎረቤታችን ገበታውን በዓይኑ ዞረና፣ “ጋሼ፣ ሚዳቋዋ የት አለች? ወይስ ይህች ዶሮ ነች ቀንድ ያላት?” አለኝ።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ባለቤቴም ሰሃን ይዛ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

“ሳትኳት” አልኩ።

“እርስዎ? ጋሼ እርስዎ ይስታሉ?”

“ሳትኳት።”

ሳቁ። ጎረቤቴ መሬት እስኪነካ ጎንበስ ብሎ ሳቀ፤ ለዓመታት የጎረርኩበትን ሁሉ ያን ቀን አወራረደ። በእርሻ ላይ የቆመ ማስፈራሪያ እንኳ ከእርስዎ የተሻለ ያስደነግጣታል አለኝ። በተኩስ የማይደርስብኝ ሰው በአፉ ሲበልጠኝ ዝም ብዬ ሰማሁት። ከዚያ ቡድን ውስጥ ከአለቃው በቀር የሚበልጠኝ ተኳሽ እንዳልነበረ አሁንም እናገራለሁ። በሚቀጥለው መኸር በአስር ግራም፣ ዒላማ ላይ ሞክሬ፣ እንደ ሰው ጠይቄ ተመልሻለሁ። የዚያን ቀን ግን “ሳትኳት” የምትለውን ቃል የሚበልጥ ደግ ነገር አልነበረኝም፤ እውነት ብትሆን ምንኛ በወደድኩ።

ባለቤቴ አላረመችኝም። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ሰሃኑን ወደኔ አስጠጋችና፣ “በል ብላ፣ ይበርዳል” አለችኝ።